ከቀበቶው ሥር ሰው አለ

በድንጋይ መፍጫው ግቢ ሁሉም «ሐኪሙ» ይለዋል። የሚያክመው ግን ሰው አይደለም፤ ኮንቬየር ነው፣ ቀኑን ሙሉ ጠጠር ተሸክሞ በተሽከርካሪ ብረቶች፣ በሮለሮች፣ ላይ የሚዞረው ሰፊ የጎማ ቀበቶ። ሌላ ቦታ በአራትና በአምስት ዓመቱ ተበጣጥሶ የሚጣለው ቀበቶ በእሱ እጅ ዘጠነኛ ዓመቱን ይዟል። «ሚስትህንም እንደዚህ ትንከባከባታለህ?» እያሉ ያሾፉበታል።

«ቀበቶን ድንጋይ አይገድለውም» ይላል እሱ ሳይስቅ። «የሚገድለው መዞር ያቆመ ሮለር፣ ያልተጠረገ ጭቃና ሰነፍ ሰው ነው።»

ሰነፍ የሚለው ማንን እንደሆነ ግቢው በሙሉ ያውቃል። የሚስቱን ታናሽ ወንድም ነው።

የሚስቱ ወንድም እስካለፈው ወር ድረስ የመስመር ሁለት ተቆጣጣሪ ነበር። አንድ ቀን ስልክ ሲያወራ ሹል ድንጋይ ተቀረቀረና ቀበቶውን ሦስት ሜትር ያህል ተረተረው። ሐኪሙ ዘመዴ ነው ብሎ አልሸፈነለትም፤ ለፎርማኑ እንዳለ ነገረው። የሚስቱ ወንድም ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ ወርዶ አካፋ ተሰጠው፤ ከቀበቶው የሚፈሰውን ጠጠር እንዲዝቅ። የመጀመሪያው ቀን፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ሐኪሙን «ግድ የለም» አለው። «አንድ ቀን አንተም ከዚህ ቀበቶ ሥር ትገባለህ። ያን ጊዜ እንተያያለን።»

ከዚያ ወዲህ ሰላምታ እንኳ የለም።

ሐሙስ ጠዋት ሐኪሙ ጫማውን ሲያስር ሚስቱ በሩ ላይ ቆመች።

«ትናንት እናቴ ቤት አግኝቼው ነበር» አለች። «ስምህ ሲነሳ ብድግ ብሎ ወጣ። ዓይኑ አላማረኝም።»

«ምን ያደርገኛል?»

«እኔ እንጃ። አንተም አብዝተኸዋል። ብቻ ተጠንቀቅ።»

አንድ እግር ካልሲ የጠፋባትን የሰባት ዓመት ልጁን ተቆጥቷት ወጣ።

በምሳ ሰዓት ግቢው ከሰው ጭር አለ። ሠራተኛው ሁሉ ወደ መመገቢያ አዳራሹ ሲሄድ ሐኪሙ ከመስመር ሁለት ሲጥ የሚል ድምፅ ሰማ። አንዱ ሮለር መዞር አቁሟል። እስኪመለሱ መጠበቅ ይችል ነበር፤ ግን የማይዞር ሮለር ቀበቶን እንደ ቢላ እንደሚልጥ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ከኤሌክትሪክ ሳጥኑ ላይ ትልቁን እጀታ ወደ ታች ስቦ መስመሩን አጠፋ። «ከቀበቶው ሥር ሰው አለ» የሚለውን ቀይ ምልክት አንጠለጠለና በጀርባው ተንፏቆ ገባ።

ጎን ያለው መስመር ሦስት እየሠራ ስለነበር ጆሮ አያሰማም። ሐኪሙ ቀኝ እጁን ከላይኛውና ከታችኛው ቀበቶ መሀል አሾልኮ ሁለት ብሎኖች ፈታ። ሮለሩ በአንድ ጫፉ ወርዶ ከነዝገቱ ደረቱና ክንዱ ላይ ተጋደመ። ሦስተኛው ብሎን አልላቀቅ አለ።

ድንገት ከሳጥኑ ሥር ሁለት ቦት ጫማዎች አየ። የግራው በሽቦ ታስሯል።

እንዲህ ያለ ጫማ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። አሁን ምሳ ላይ መሆን የነበረበት ሰው።

ሐኪሙ አንገቱን አጣሞ በክፍተቱ አሻቅቦ ተመለከተ። የሚስቱ ወንድም በሁለት እጁ እጀታውን ጨብጧል።

እጀታው ወደ ላይ ከተገፋ ቀበቶው ይነሳል፤ ክንዱን ይዞ ቀበቶውን ከሚያዞረው የብረት ከበሮ ውስጥ ይከተዋል፤ ከዚያ የሚቀረው የሚለቀም ነው። እንዲህ የሞተ ሰው አንድ ጊዜ አይቷል።

«አንተ!» ብሎ ጮኸ። «ሰው አለ! እኔ ነኝ!»

የሰውየው ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ድምፁን መስመር ሦስት ዋጠው። ከተናገረው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ደረሰው፦ «...ከዚህ በላይ አልችልም!»

ሐኪሙ እጁን ሳበ፤ ሮለሩ ተጭኖታል። እንደገና ሳበ። አልወጣም።

«በልጄ!» አለ። «አጎቷ አይደለህም? በእሷ ይዤሃለሁ!»

ሰውየው ጥርሱን ነክሶ ራሱን ነቀነቀ። ፊቱ ቲማቲም መስሏል፤ የአንገቱ ሥር ተገትሯል፤ ሁለቱም ክንዶቹ ይንቀጠቀጣሉ። ከራሱ ጋር የሚታገል ይመስላል። አንዴ ወደ መመገቢያ አዳራሹ ዞር ብሎ አየ። የሚመጣ ሰው አልነበረም።

ሰው አለመኖሩን ማረጋገጡ ነው፣ አለ ሐኪሙ በልቡ። ጠዋት የተቆጣት ልጁ በአንድ እግሯ ካልሲ ቆማ ታየችው።

መፍቻውን በሦስተኛው ብሎን ላይ ባለ በሌለ ኃይሉ ጠመዘዘው። ብሎኑ ተሰብሮ በረረ። ሮለሩን ከደረቱ ወርውሮ ክንዱን መነጨቀ፤ እጅጌው ከነቆዳው ተላጠ። ሕመሙን አላዳመጠም። በክርኑ፣ በተረከዙ፣ በጭንቅላቱም ጭምር እየገፋ ወጣ።

ሳጥኑን ተደግፎ ቆመ። መፍቻው አሁንም እጁ ላይ ነው። ወደ ላይ አነሳው።

«እጅህን አንሳ!»

የሚስቱ ወንድም መፍቻውን ዞሮም አላየው። ዓይኑ የሐኪሙ እግሮች ላይ ነበር።

«ጋሼ፣ ወጣህ? ሙሉ በሙሉ ወጣህ?»

«ወጥቻለሁ! እጅህን ከዚያ አንሳ ብዬሃለሁ!»

ሰውየው በረጅሙ ተንፍሶ እጀታውን ለቀቀው፤ እጀታው በራሱ ወደ ላይ ተስፈንጥሮ ተመለሰና ቀበቶው መዞር ጀመረ።