ሽማግሌ ሲመጣ ያልተቀመጡት አባት

አቶ ዘውዴ ኪንታሮታቸውን ሰባት ዓመት ሙሉ ከሚስታቸው እንኳ ደብቀው ኖረዋል። ልጃቸውን ውብአለምን ለማግባት ሽማግሌ የተላከባቸው እሑድ ግን ሕመሙ ክፉኛ ተነሣባቸው። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ቆመው "ተቀመጡ" እስኪባሉ ጠበቁ። እሳቸው ደግሞ "ተቀመጡ" ካሉ አብረው መቀመጣቸው ነውና በላብ ተጠምቀው ዝም አሉ። ሽማግሌዎቹ ንቀት መስሏቸው የላካቸውን ሰው ስም እንኳ ሳይጠሩ ወጡ። ውብአለም ሳምንቱን ሙሉ አባቷን ሳታናግር አለቀሰች።

አባትየው ጨነቃቸው። ሰው ወደማያውቃቸው ከተማ ተሳፍረው ሄዱና አንድ ወጣት የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፊት ቀረቡ። ሐኪሙ በጎን አስተኝቶ ከመረመራቸው በኋላ፣ "ቢላዋ አያስፈልገውም አባባ፤ ሥሩን በትንሽ የላስቲክ ቀለበት አስረዋለሁ፤ በጥቂት ቀን ደርቆ ይወድቃል" አላቸው።

"እንዲህ ቀላል መሆኑን ባውቅ ኖሮ ልጄን አላስለቅስም ነበር" አሉና፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ የእሑዱን ጉድ አንድ በአንድ አጫወቱት።

ከኋላቸው ሐኪሙ ቀለበቱን ማዘጋጀቱን አቆመ።

"ልጅዎ ውብአለም ናት?" አለ ሐኪሙ።

"በምን አወቅህ?"

"ሽማግሌ የላክሁት እኔ ነኝ።"

አቶ ዘውዴ ሱሪያቸውን ወደ ላይ ሊጎትቱ ሞከሩ፤ ግን ምኑን ሊደብቁ፣ ሰውየው ያየውን አይቷል።

"በል" አሉ በመጨረሻ፣ "መጀመሪያ የእኔን ቀለበት እሰር። የእሷን በኋላ እንነጋገርበታለን።"