በእናቴ ቀን

የጀማ ሸለቆ እንዲያገግም ተብሎ፣ አንድ ሰው በዕድሜው ለአንድ ቀን ብቻ፣ ያውም በብስክሌት እንዲገባ ከተደነገገ ሃያ ዓመት ሆነው። የኔን ቀን በልጅነቴ ከትምህርት ቤት ጋር ሄጄ ጨርሼዋለሁ። ዛሬ ወንዙን ተከትዬ የነዳሁት በእናቴ ቀን ነው። የተወለደችው እዚያው ነው፤ እግሯ እንቢ ቢላት ቀኗን ለኔ ሰጠችኝ።

መውጫው ላይ ዘበኛው ጋሽ ድልነሳ ጎማዬን ማጠብ ጀመሩ፤ ከሸለቆው አፈር ማውጣት ክልክል ነው።

"የማን ቀን ነው?" አሉኝ።

"የእናቴ። የዚህ አገር ልጅ ናት።"

የፊቱን ጎማ አጥበው ውሃውን ዘጉት። "የኋላው ንጹሕ ነው፤ ሂጂ" አሉኝ። የኋላው ጭቃ በጭቃ ነበር።

ቤት ስደርስ ጭቃውን በማንኪያ ፍቄ ትሪ ላይ አደረግሁላት። እናቴ ጫማዋን አወለቀችና ባዶ እግሯን ቀስ ብላ አሳረፈችበት።

"እግዜር ይስጣቸው" አለች። "ረገጥኩት እኮ!"