ጠዋት ጠዋት የሚጠፋው ኮድ

ማክዳ የቡድን መሪ የሆነችው ሌላ ማንም ስላልፈለገው ነው። አራት ሆነው ለመመረቂያ የሚሠሩት መተግበሪያ የትኛው የታክሲ ሰልፍ አጭር እንደሆነ ለተሳፋሪ ይናገራል ተብሎ ነበር። እስካሁን ከስሕተት በቀር የተናገረው ነገር የለም።

ችግሩ የጋራው ኮድ ነው። ራጉኤል አመሻሽ ላይ ጨርሶ ያስገባው ክፍል ጠዋት የለም። ፀደንያ ዓይኗ እስኪቀላ ያስተካከለችው ካርታ ሲነጋ የድሮው ሆኖ ይገኛል።

ማክዳ ሕግ አወጣችና በቴሌግራም ግሩፓቸው ላይ ለጠፈችው። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሁሉም አዲሱን ቅጂ ያውርድ፤ ሌላ ሰው ሳያየው ዋናው ኮድ ውስጥ ምንም አይግባ። ሁሉም «እሺ» ብለው መለሱ።

እሷ ከማንም በላይ ትለፋ ነበር። ቤቷ ኢንተርኔት ስለሌለ ጎህ ሲቀድ ተነሥታ ላፕቶፗ ላይ ባለው የቆየ ቅጂ ትሠራለች፤ አራት ኪሎ ግቢ ስትደርስ ትጭነዋለች። ሲስተሙ አልቀበልም ብሎ ካንገራገረ በግድ ታስገባዋለች። በየጠዋቱ ከማሽን ጋር የምትሟገትበት ጊዜ የላትም።

ከሕጉም በኋላ ኮዱ መጥፋቱን አልተወም። የባሰ የሚያናድደው ደግሞ ከሰዓት በኋላ መመለሱ ነው፤ ያውም ሁልጊዜ ሉልሰገድ ከመጣ በኋላ።

ሉልሰገድ ጠዋት ፒያሳ የአባቱን ወርቅ ቤት ስለሚጠብቅ ከምሳ በፊት አይደርስም። ሲመጣም ጥግ ይዞ አንገቱን ይደፋል። የራሱ ድርሻ ከሁሉም ያንሳል።

ፀደንያ እሱ ነው የሚደብቀው፣ ሲፈራ ይመልሰዋል አለች። ራጉኤልም ተስማማ። ማክዳ ካመነች ቆይታለች።

ሲሰበሰቡ ሉልሰገድ፣ «ማክዳ፣ ጠዋት ስትጭኚ እኮ...» ብሎ ጀመረ።

«የእኔን ተወውና የራስህን ተናገር» አለችው።

ከዚያ ወዲያ አልተናገረም። ዝምታውን እንደ ማመን ቆጠሩበት።

ፕሮጀክቱን በሚያቀርቡበት ቀን ዋዜማ ማክዳ ከጋራው ኮድ አስወጣችው፤ ለአማካሪ መምህራቸውም ከቡድኑ እንዲሰረዝ ነገረች። ያን ዕለት ሁሉም ነገር ሙሉ ነበር። እፎይ ብለው ተለያዩ።

በነጋታው እንደ ልማዷ የመጨረሻ ማስተካከያዋን ጫነች። መምህሩ ፊት ሲከፈት ካርታው የለም። የራጉኤል ክፍልም የለም። ፀደንያ አለቀሰች። መምህሩ ከሰዓት በኋላ አስተካክላችሁ ተመለሱ፣ ካልሆነ ለከርሞ ነው አሏቸው።

ማክዳ ወደ ፒያሳ ወረደች። ሉልሰገድን ከባንኮኒው ጀርባ ቀለበት ሲወለውል አገኘችው።

«አስወጥተንህም አላረፍክም። በየት በኩል ገባህ?»

ቀለበቱን አስቀመጠ። «ዛሬ ጠዋትም ጫንሽ?»

«አዎ፣ ጫንኩ።»

«እንግዲህ እኔን አስወጥታችሁ፣ አንቺ ያጠፋሽውን ዛሬ ማን ይመልሰው?»