የሰባተኛው ረድፍ ጓጉንቸር

እንጦጦ ላይ፣ የካን ቁልቁል የሚያየው የፀሐይ ኃይል ማመንጫችን አንድ ደንብ አለው። የፓነል ረድፍ የሚጠግን ሰው የረድፉን ማብሪያ ማጥፊያ አጥፍቶ የራሱን ጓጉንቸር ይቆልፍበታል፤ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ይገባል። እሱ ወጥቶ እስኪከፍተው ማንም አይነካውም።

ኃላፊያችን ክብረት ግን ነካው። ባለፈው ወር እንግዶች ሊጎበኙ ሲመጡ ምርቱ ዝቅ ብሎ እንዳይታይበት፣ «አሁን ይወጣል የለ እንዴ» ብሎ የጥገና ሠራተኛውን የይማምን ጓጉንቸር በመቁረጫ በጠሰና ሰባተኛውን ረድፍ አበራው። የሾላ ሰፈሩ ልጅ ይማም እጁ ገና ሽቦው ላይ ነበር። ክብረት ሪፖርቱ ላይ «ሳይቆልፍ ነው የገባው» ብሎ ጻፈ። እኔ ሀፊዛ፣ ምርቱን በስክሪን የምከታተለው ተቆጣጣሪ፣ ሁሉን እያየሁ ከስር ፈረምኩ። ልጆች አሉኝ ብዬ። ሰበብ!

ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ በየቀኑ አምስት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ አናት እየበሳች፣ የሰባተኛው ረድፍ ምርት ዜሮ ይሆናል። ሠራተኞቹ አንገባም ስላሉ ዛሬ ክብረት ራሱ ገባ።

«ቆልፈዋል?» አልኩት በሬዲዮ።

«ቆልፌያለሁ፤ ቁልፉም ኪሴ ነው። አንቺ ስክሪኑን እይልኝ።»

አየሁለት። ተቆልፎ ሳለ ዜሮው አስር ኪሎ ዋት ሆነ። ሃያ። ስልሳ።

«ይውጡ!» ልል ሬዲዮውን ሳነሳ እጄ ብረት ነካ። ባዶ በነበረው ጠረጴዛዬ ላይ የክብረት ጓጉንቸር ተበጥሶ ተቀምጧል። ከስሩ ሪፖርት አለ፤ የእጅ ጽሑፉ የይማም ነው።

«ሳይቆልፍ ነው የገባው።»

የቀረው የእኔ ፊርማ ብቻ ነው።