ከልጇ የተጋባባት ማዛጋት

እንቅልፍ የሚያስቀር መርፌ ከመጣ ወዲህ ሠራተኛ ሁሉ ማዛጋት ትቷል። ነርሷ ትርሲትም መርፌውን በየወሩ መወጋት ከጀመረች አምስት ዓመቷ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ያቀፈቻት የሦስት ወር ልጇ አፏን ከፍታ አዛጋች። በሩ ላይ የተጋደመው ውሻም ተከትሎ አዛጋ። ትርሲት ብትሞክር አልመጣላትም።

«ውሻው እንኳ ተጋባበት፤ እኔ እናቷ ግን አልቻልኩም» አለችው ባሏን ኤፍሬምን።

«መርፌውን ከተውሽ እኮ ከሥራ ያስወጡሻል።»

«ያስወጡኝ።»

የዚያን ወር መርፌ ሳትወጋ ቀረች፤ ከሥራም አስወጧት። በሃያኛው ቀን ሕፃኗ ስታዛጋ የትርሲትም አፍ ሳታስበው ተከፈተ፤ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር አዛጋች። ከዚያም ልጇን ደረቷ ላይ እንዳስተኛች እንቅልፍ ይዟት ሄደ።

ኤፍሬም ጋቢ አለበሳቸውና አጠገባቸው ተቀምጦ ሲያያቸው ዋለ።