ብቻዋን አያስገቡም

«ናይሮቢ ካዚኖ ብቻዋን የሄደች ሴት አያስገቡም» ትለኝ ነበር ፀጉር ሠሪዬ ስንዱ፣ በሄድኩ ቁጥር። እኔ ፖከር የሚባለውን የካርታ ቁማር ያለ አስተማሪ ከስልኬ ተምሬ፣ ሰው ሲዋሽ ዓይኑን አይቼ አውቃለሁ የምል ኩራተኛ ነኝ። የቀረኝ እዚያ ሄዶ ከሰው ፊት ተቀምጦ መጫወት ነበር። ስለዚህ ሦስት ጊዜ የመጡብኝን ሽማግሌዎች በምላሴ ያባረርኩት እኔ፣ የስንዱ ጎረቤት ተካልኝ ሽማግሌ ሲልክ እሺ አልኩ። ፓስፖርት ነበረው።

በሠርጉ ዕለት እናቱ «ልጄን የሚወድልኝ ሰው አገኘሁ» ብለው አቅፈውኝ ሲያለቅሱ፣ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። እሱም ጫጉላችንን ናይሮቢ ስለው ለምን እንኳ አላለኝም።

የካዚኖው ዘበኛ ተካልኝን ዞር ብሎም ሳያየው አሳለፈኝ። ውስጥ ሦስት ሴቶች ወንድ ሳያስከትሉ ብቻቸውን መጥተው ይጫወታሉ። ወደ ባሌ ዞርኩ።

«ተካልኝ፣ ይቅር በለኝ። ያገባሁህ እዚህ እንድታስገባኝ ብዬ ነው።»

የኮቱን ቁልፍ ነካካ።

«አውቃለሁ» አለ። «ስንዱ ሐሳብሽን ስትነግረኝ፣ ‹ብቻዋን አያስገቡም በያት› ያልኳት እኔ ነኝ።»