የማንጠግቦሽ ድርሻ

ሚዛኑ ዋሸ ብዬ ልጅቱን አወረድኳትና መልሼ አቆምኳት። ያው ነው። ከሁለት ወር በፊት አሥራ ዘጠኝ ኪሎ የነበረችው ማንጠግቦሽ አሁን አሥራ ሰባትም በቅጡ አልሞላች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አንገቷ ግን የገብስ አገዳ አክሏል።

እናቷ ይታየሽ ከጎኗ ቆማ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ከሰቆጣ በታች ካለው ቆላ፣ ከዝቋላ፣ ሁለት ቀን ሙሉ አዝላት ነው የመጣችው። ሳንባ ነቀርሳ ባሏን በልቶባታል፤ የቀረቻት ይህች ልጅ ብቻ ናት።

መድኃኒቱን እንዴት እንደምትሰጣት እስቲ ንገሪኝ አልኳት፣ ልይዛት ፈልጌ። አንድም ሳትስት ተወጣችው። ጠዋት ጠዋት፣ እህል ሳይቀመስ፣ አንድ ነጭ ክኒን። ሳሉ ቢተዋትም አይቋረጥም፤ ዓመት ከመንፈቅ ነው። በጾምም አይቀርም፤ የነፍስ አባቷ ፈቅደዋል። አክታዋ በጣሳ ይጠራቀምና ከአመድ ጋር ይቀበራል።

እኔ ሰቆጣ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ ሆኜ ስላስተማርኩት ሰው ባታነሱብኝ ይሻላል። ጊዜው ከሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ዓመተ ምሕረት በፊት ነው። ነገ ና ያሉት በወሩ የሚመጣ፣ የሚዋጠውን የሚቀባ፣ ስንቱን ችያለሁ። ይታየሽ ግን አንድ የነገርኳት ነገር መሬት አይወድቅም። ባለፈው ስትመጣ እንዲያውም ደጅ ለተኮለኮሉት በሽተኞች በአገውኛ እንድታስረዳልኝ አቁሜያት ነበር። እኔ የሸዋ ሰው ነኝ፣ አገውኛ አልሰማም። ቢሆንም ሰዉ አፉን ከፍቶ ሲያዳምጣት ሳይ ኮራሁ፤ ምን ላድርግ፣ የኔ ተማሪ ናት።

የልጅቱን አክታ መስታወት ላይ ቀብቼ፣ ቀለም ነክሬ በማይክሮስኮፑ አየሁት። ቀያዮቹ ጭረቶች፣ የበሽታው ተባዮች፣ ከበፊቱ በዝተዋል፤ መቁጠሩን ተውኩት። ደሜ ፈላ። ጠበል ወስደሻት መድኃኒቱን ትተሽዋል፣ ወይ ገበያ አውጥተሽዋል ብዬ ጮኽኩባት። በሚካኤል ምላ ጠርሙሱን ከመቀነቷ ፈታ ሰጠችኝ። ባዶ ነው። ስልሳውም ክኒን አልቋል፤ ማለቅ በነበረበት ቀን ነው ያለቀው።

ግራ ገባኝ። ቁጭ ብዬ ልጅቱን ራሷን ጠየቅኋት። ጠዋት ጠዋት እናትሽ ምን ታደርግልሻለች አልኳት።

«ክኒኗን በዋንጫ ውሃ ታሟሟታለች» አለችኝ። «ከዚያ ድርሻዬን እጠጣለሁ። የምቀድመው እኔ ነኝ።»

«ድርሻዬን?»

ይታየሽ ምንም አላፈረችም። በመጀመሪያው ጠርሙስ ልጅቱ አገግማ መሮጥ ስትጀምር ጎረቤቱ አየ አለችኝ። ሳል ያለው እሷ ቤት ብቻ አይደለም። የባሏ ወንድም ጓንጉል ደም መትፋት ከጀመረ ቆይቷል፤ ሚስቱንም ይዟታል። ሽማግሌው ገብረ አማኑኤልም አሉ። ከወንዙ ማዶ ጥሩሐረግ ከሁለት ልጆቿ ጋር። ስድስት ነፍስ፣ ማንጠግቦሽ ሰባተኛ። ጎህ ሲቀድ እሷ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ዋንጫው ይዞራል፤ አንድ ጉንጭ፣ አንድ ጉንጭ። ጓንጉል መጀመሪያ ሰሞን በርትቶ እርሻ ሁሉ ወጥቶ ነበር። የልጅቱን ተራ ደግሞ ማንም ነክቶባት አያውቅም።

«ሰው ደጃፌ ላይ ደም እየተፋ ለልጄ ለብቻዋ ደብቄ ላጉርሳት? ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባል የለም እንዴ፣ ጌታዬ?»

ስለ ሰዓቱ ነግሬያታለሁ፣ ስለ ጾሙ ነግሬያታለሁ፣ አመዱ እንኳ አልቀረኝም። መድኃኒት ለብቻ የሚበላ ነገር መሆኑን ግን አልነገርኳትም። ይህም መነገር አለበት ብዬ መች አሰብኩ። ንዴቴ ጥሎኝ ጠፋ፤ ፈራሁ።

በርጩማ ስቤ አስቀመጥኳትና እንደ ምንም አስረዳኋት። መድኃኒት ሲያንስ በሽታውን አይገድለውም፣ ያደነድነዋል። ነብር አቁስሎ እንደ መልቀቅ ነው አልኳት። ቆላ ያደገች ናት፤ የነብሩ ነገር ወዲያው ገባት።

«ከእንግዲህ ሙሉውን ለብቻዋ ብሰጣትስ?»

ልዋሻት ፈልጌ ነበር። አልሆነልኝም።

«ረፍዷል፣ ይታየሽ፤ በሽታው ክኒኑን ለምዶታል» አልኳት።

ሌላ መድኃኒት ደሴ እንዳለ ነገርኳት፤ በመርፌ የሚሰጥ፣ ወራት ተኝቶ የሚወጉት። ደሴ በእግር ስንት ቀን እንደሚፈጅ አልጠየቀችኝም። የልጅቱን እግሮች አየችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

«እነሱንስ ማን ይንገራቸው?» አለች በመጨረሻ።

እነማንን ብላት ተነሥታ በሩን ከፈተችው። ከአጥሩ ጥግ ስድስት ሰው ተቀምጧል። ሊያመሰግኑኝ ሁለት ቀን አብረዋት ተጉዘው የመጡ ናቸው። ሲያዩኝ ሁሉም እንደ ምንም ተነሥተው እጅ ነሡ። ሽማግሌው ገብረ አማኑኤል አንድ ቅል ማር በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«እግዜር ይስጥልን፣ ሐኪም» አሉኝ። «ለአንዲት ሕፃን የሰጡት ለአገር ተረፈ።»

ማንጠግቦሽ በጎኔ ሾልካ ወጣች። ጠዋቱ ብርድ ነው፣ ትንቀጠቀጣለች። ተጠጋግተው መሀላቸው ቦታ ለቀቁላት። ሽማግሌው ማሩን መሬት አኖሩና፣ ሳል እያጣደፋቸው ጋቢያቸውን ገልጠው ከጉያቸው አስገቧት።